የ10 ዓመት እስራትና የ150 ብር ፋይል

ሰሞኑን ሐዋሳ ውስጥ በአንድ ፎቶ ኮፒ ቤት በኩል ሳልፍ ደጃፉ ላይ በስፓይራል ተጠርዞ የተደረደረ የሒሳብ መለማመጃ ዓይኔን ሳበው። አንሥቼ ስገልጠው የራሴ ሆኖ አገኘሁት። ሽፋኑ ተቀይሯል፤ በየገጹ ግርጌ የነበረው ስሜ ተቆርጦ ወጥቷል፤ በገጽ 41 ላይ የመቀነስ ምልክት ዘልዬ መልሱን «ለ» በማለት ፈንታ «ሐ» ያልኩበት ጥያቄ ግን ከነስህተቱ ቁጭ ብሏል። ለ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ሁለት ክረምት ሙሉ የለፋሁበትን ይህን መለማመጃ የምሸጠው በ150 ብር ነው፤ ተማሪው በቴሌብር ይከፍላል፣ እኔም ፒዲኤፉን በስልኩ እልክለታለሁ። የሱቁን ልጅ ስጠይቀው «መምህር፣ እኛ እኮ ከቻናል ነው ያወረድነው፤ የወረቀትና የጥረዛ ብቻ ነው የምናስከፍለው» ብሎ በትሕትና መለሰልኝ። አልዋሸኝም። የሰው ንብረት እየሸጠ መሆኑን ግን ጭራሽ አላሰበውም፤ ከገንዘቡ ይልቅ ያሳዘነኝም ይህ ነው።

በዚህ ጉዳይ ሕግ አላጣንም። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996፣ በ2007 በአዋጅ ቁጥር 872 እንደተሻሻለው፣ ወጥ የሆነ፣ ማለትም ከሌላ ያልተቀዳ ሥራ ግዙፍነት ካገኘበት፣ ማለትም ከተጻፈበት ወይም ከተቀረጸበት ጊዜ አንሥቶ ምዝገባ ሳይጠየቅ ጥበቃ ያገኛል ይላል፤ ጥበቃውም የደራሲውን ዕድሜና ከሞቱ በኋላ ያሉትን 50 ዓመታት ይሸፍናል። አዋጁ ማባዛት ሲል በኤሌክትሮኒክ መልክ ማስቀመጥንም ስለሚጨምር፣ «ይህ ሶፍት ኮፒ እንጂ መጽሐፍ አይደለም» የሚለው የተለመደ ምክንያት አያስኬድም። መብቱን ሆን ብሎ የጣሰ ሰው ከ5 እስከ 10 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣል፤ የሞራል ካሣውም ከ100,000 ብር ማነስ የለበትም።

እንግዲህ በዚህ ሕግ ማንን ልክሰስ? ያንን ትሑት ልጅ 5 ዓመት ለማሳሰር ሕሊናዬ አይፈቅድም። ስሙንና አድራሻውን የማላውቀውን የቻናል ባለቤት ለመክሰስ ደግሞ፣ ጉዳዩ በፌዴራል የዳኝነት ሥልጣን ሥር የሚወድቅ በመሆኑ፣ ጠበቃ ይዤ ስመላለስ የማወጣው ወጪ ከፋይሉ የዓመት ገቢ ይበልጣል። ቅጣቱ ቅጂ በሺህ እያባዛ ለሚነግድ ሰው የተገባ ሊሆን ይችላል፤ እንደ እኔ ላለ አነስተኛ ሻጭ ግን በጣም ከባድ ስለሆነ ምንም እንዳልተጻፈ ያህል ነው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1998 ባወጣችው የዲጂታል ሚሌኒየም የቅጂ መብት ሕግ ባለመብቱ ማስታወቂያ ሲልክ ድረ ገጹ ፋይሉን ቶሎ እንዲያነሣ፣ ተቃውሞ ያለውም መልስ እንዲሰጥ የሚያደርግ ሥርዓት ተዘርግቷል። ያ ሥርዓት ያለ አግባብ ፋይል ለማስነሣት የሚጠቀሙበት ሰዎችም እንዳሉበት አውቃለሁ፤ ይሁንና የአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን በሲዳምኛም በአማርኛም አቤቱታ የሚቀበል፣ በቀናት ውስጥ ውሳኔ የሚሰጥና ከእስራት በፊት ማስጠንቀቂያና መጠነኛ ክፍያ የሚያስከትል አሠራር እንዲዘረጋ አጥብቄ እጠይቃለሁ።

ፋይሉን በይለፍ ቃል መቆለፍ መፍትሔ ይሆናል የሚሉኝ አሉ። ሞክሬዋለሁ። የተቸገረው ከፍሎ በአሮጌ ስልኩ መክፈት ያቃተው ተማሪ ነው፤ የሚያሰራጨው ሰው ግን የይለፍ ቃሉን ከፋይሉ ጋር አብሮ ለጥፎታል። አፕልም ቢሆን እ.ኤ.አ. በ2009 ከሚሸጣቸው ዘፈኖች ላይ እንዳይባዙ የሚያግደውን ቁልፍ ሲያነሣ የገዢውን መለያ በፋይሉ ውስጥ ትቶት ነበር። እኔም አሁን የገዢውን ስም በእያንዳንዱ ገጽ መሐል በስሱ አትምበታለሁ፤ ስሙ ያለበትን ፋይል ለቻናል የሚሰጥ ሰው ሁለት ጊዜ ያስባል።

150 ብር የሚከብደው ተማሪ እንዳለ አውቃለሁ፤ ቸግሮኛል ብሎ ለጠየቀኝ ሁሉ በነፃ ልኬያለሁ። ለማን በነፃ እንደምሰጥ የምወስነው ግን እኔ ልሁን። የገጽ 41ንም ስህተት ካየሁ በኋላ አርሜ ለገዙኝ ሁሉ አዲሱን ፋይል ልኬላቸዋለሁ። በቻናሉና በሱቁ ኮምፒውተር ላይ ያለው ግን የቀድሞው ነው፤ እዚያ የሚገዙ ልጆች ዛሬም «ሐ» ብለው እያጠኑ ነው።