የእንዶድ አረፋ

ቨርጂኒያ ውስጥ የልብስ ሳሙና ልገዛ ሱቅ ገብቼ ያየሁት ነገር እስካሁን ያንገበግበኛል። በጨርቅ ከረጢት የታሰረ ደረቅ የዛፍ ፍሬ ይሸጣሉ። ውሃ ሲነካው አረፋ ያወጣል፣ ልብስ ያጥባል። ዋጋው ከዱቄት ሳሙናው በብዙ ይበልጣል፤ ሰው ግን ይገዛዋል። ከተፈጥሮ የተገኘ ነው፣ ቆዳ አይጎዳም ተብሎ ተጽፎበታል።

ፍሬው የሚመጣው ከህንድና ከኔፓል ነው። ሥራው ግን ከእኛው እንዶድ ጋር አንድ ነው። ሁለቱም ውስጥ አረፋውን የሚያወጣው ሳፖኒን የሚባል ንጥረ ነገር ነው። እናቴ ጋቢና ነጠላ ከእንዶድ በስተቀር በሌላ ነገር አታጥብም ነበር። ፍሬው በጥሬው ይለቀማል፣ ይደርቃል፣ ይወቀጣል፣ ከዚያ ይዘፈዘፋል። ልብሱ ሲታሽ አረፋው ከገበቴው አልፎ ይፈስ ነበር።

እህቴ ጋ ደውዬ «ለጋቢዬ እንዶድ ላኪልኝ» አልኳት። ሳቀች። «ዛሬ ማን በእንዶድ ያጥባል? የገጠር ነገር! እዚያ ኦሞ የለም እንዴ?»

የገጠር ነገር! ተመራማሪው ዶክተር አክሊሉ ለማ እኮ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ አካባቢ ወንዝ ዳር የሴቶቹን አረፋ ተከትለው ነው ትልቁን ነገር ያገኙት። ሴቶቹ በእንዶድ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው አዩ። ቢልሃርዝያ የሚባለውን በሽታ የሚያስተላልፉት ደግሞ እነዚያ ቀንድ አውጣዎች ናቸው። ከዶክተር ለገሰ ወልደዮሐንስ ጋር ምርምሩን ገፍተውበት በ1989 እ.ኤ.አ. ራይት ላይቭሊሁድ የሚባለውን ሽልማት ተሸለሙ። ኦሃዮ ያለው የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ሳይቀር እንዶድ ዜብራ መስልን እንደሚገድል አይቶ ፓተንት፣ ማለትም የፈጠራ ባለቤትነት መብት፣ አውጥቶበታል። ዜብራ መስል የአሜሪካን ታላላቅ ሐይቆች የወረረ፣ የውሃ ቧንቧ የሚደፍን ትንሽ ባለ ቅርፊት ፍጥረት ነው። ሰው አገር ፓተንት የወጣበትን ተክል እኛ ቤት ስሙን መጥራት ያሳፍራል።

ከተሜው ዛሬ አረፋ ሲባል ትዝ የሚለው የማኪያቶና የድራፍት አረፋ ነው። በዚያ አልከፋም። ግን እንዶድ የሚያውቁት እናቶች እያረጁ ነው። ስንት ሰዓት እንደሚዘፈዘፍ፣ ለአንድ ጋቢ ስንት እፍኝ እንደሚበቃ ልጆቻቸው አልጠየቋቸውም። እኔም የማውቀው በዓይኔ ያየሁትን ያህል ብቻ ነው።

ጋቢዬማ ተበላሽቷል። እዚህ ያለው ፈሳሽ ሳሙና ሁሉ ሽቶ አለው። ስንት ጊዜ ባለቀልቀው የአበባ ሽታው አይለቅም። ማታ ስለብሰው የማላውቀው ሰው ልብስ የለበስኩ ይመስለኛል። ሽታ የሌለው የሚሉትንም ሞከርኩ፤ ጥጡን አደረቀው።

ሰሞኑን እህቴን እንደገና ለመንኳት። የሚመጣ ሰው አለ፣ አንድ ኪሎ ብቻ ስጪልኝ አልኳት።

«ከተገኘ» አለችኝ።

ከተገኘ! በየአጥሩ ላይ ሲንጠላጠል ያደግንበት እንዶድ!