ረባሹ ልጅ የሚፈልገው ዓይናችንን ነው

እርሳሱ ወደቀ። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ይህ ሦስተኛው ነው። ልጁ ጎንበስ ከማለቱ በፊት ቀና ብሎ እኔን አየኝ። ቀጥሎ ጓደኞቹን አየ። እርሳሱን ያነሳው ሁላችንም እንዳየነው ካረጋገጠ በኋላ ነው።

ያኔ ለማስተማር ሥራ አዲስ ነበርኩ። ቾኩን አስቀምጬ ጮኽኩበት። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ፤ እሱም አብሮ ሳቀ። በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ከእርሳሱ ጋር ደብተሩም ወደቀ።

መምህራን ስለ እንዲህ ዓይነት ልጅ ስናወራ "ትኩረት ፈልጎ ነው" እንላለን። ልክ ነን፤ ግን ነገሩን እዚያው እንዘጋዋለን። ጠምቶት የሚያለቅስን ልጅ "ውሃ ፈልጎ ነው" ብሎ ጥሎት እንደመሄድ ነው። ልጅ መታየት ይፈልጋል፣ ይህ ነውር የለውም። የሚታይበትን መንገድ ግን ብዙ ጊዜ የምናስተምረው እኛው ነን።

ይህ በጥናትም ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ1968 አሜሪካ ውስጥ በአንደኛ ክፍል ተማሪዎች ላይ የተሠራ ጥናት ታትሞ ነበር። መምህራኑ "ተቀመጡ!" ማለትን ሲያበዙ ልጆቹ ከወንበራቸው መነሳትን አበዙ። ተቀምጠው የሚሠሩትን ሲያመሰግኑ ግን መነሳቱ ቀነሰ። በ1970 ደግሞ ኦሊሪ የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪና ባልደረቦቹ ተግሣጽን አጠኑ። ክፍሉ በሙሉ ከሚሰማው ቁጣ ይልቅ፣ ልጁ ብቻ የሚሰማው ዝግ ያለ ቃል የአብዛኞቹን ረብሻ ቀነሰው።

"አይተህ እንዳላየህ እለፈው" የሚሉም አሉ። እኔም ሞክሬዋለሁ። ዝም ሲሉት ልጁ መጀመሪያ ይብስበታል፤ የለመደው ነገር ቀርቶበታልና ድምፁን ይጨምራል። መምህሩ በሦስተኛው ቀን ትዕግሥቱ አልቆ ከጮኸ፣ ልጁ የሚማረው "ጠንከር አድርጌ ስረብሽ ያዩኛል" የሚለውን ነው። ደግሞም ክፍል ውስጥ እኔና እሱ ብቻ አይደለንም። እኔ ዝም ብል ጓደኞቹ ይስቁለታል። ሌላ ልጅ ሲመታ ወይም ሲሳደብማ ዝም ማለት ጭራሽ አይቻልም።

ለእኔ የሠራልኝ ልጁ ሳይጠይቀኝ ትኩረት ቀድሞ መስጠት ነው። በር ላይ ቆሜ ስሙን እጠራለሁ። "ትናንት የጀመርከው ሥዕል አለቀ?" እለዋለሁ። ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። መቁነጥነጥ ሲጀምር ትምህርቱን ሳላቋርጥ ወደ ዴስኩ ጠጋ ብዬ እቆማለሁ። ሥራውን እስኪጨርስ አልጠብቅም፤ ገና ሲጀምር ጎንበስ ብዬ "ይቺን በደንብ ሠርተሃታል፣ ቀጥል" እለዋለሁ። መቆጣት ካለብኝም በጆሮው ነው። ተመልካች ከሌለ መድረክም የለም።

ባልደረቦቼ "ይሄ ረባሽን መሸለም አይሆንም ወይ?" ይሉኛል። እኔም ይህን እፈራ ነበር። ሽልማት የሚሆነው ግን ከረበሸ በኋላ ሲሰጠው ነው። ደህና በተቀመጠበት ሰዓት ካገኘው ረብሻው የሚያተርፍለት ነገር የለም።

ሁሉም ረብሻ ትኩረት ፍለጋ እንዳልሆነም መርሳት የለብንም። የማንበብ ተራው ሲደርስ ብቻ የሚቀልድ ልጅ፣ ማንበብ አቅቶት ሊሆን ይችላል። ያንን ልጅ ምስጋና አይፈታውም፤ አጠገቡ ተቀምጦ ፊደሉን አብሮት የሚያነብ ሰው ነው የሚያስፈልገው።

ይበልጥ የሚያሳዝኑኝ ግን ዝምተኞቹ ናቸው። ረባሹ ስሙ በቀን ሃያ ጊዜ ሲጠራ ይሰማሉ። የእነሱ ስም ሳይጠራ ሳምንቱ ያልቃል። ስለዚህ አሁን በስም ዝርዝሬ ላይ፣ ለብቻው ያነጋገርኩትን ልጅ ሁሉ ምልክት አደርግበታለሁ። አርብ ሲደርስ ምልክት የሌላቸው ብዙ ጊዜ እነዚያው ዝምተኞች ናቸው። ሰኞ በር ላይ ከእነሱ እጀምራለሁ።