ታንኳውን ለሐይቅ እንተውለት

በቅርቡ ያነበብኩት ጽሑፍ ጸሐፊ በግላይኮፕሮቲን (ስኳር የተያያዘበት ፕሮቲን) ክሪስታል ሞዴሎች ላይ የሚታየው የተጣመመ ስኳር ሁሉ «አዲስ ግኝት ሊሆን ይችላል» ማለቱ አልተዋጠልኝም። ደሴ ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ ባለ ስድስት አቶም ቀለበት ሲገጣጥሙ ዘና የሚለው «ወንበር» የሚባለው ቅርጽ ነው፤ «ታንኳ» የሚባለው ይወጠራል። አስፓራጂን በተባለው የፕሮቲን አሚኖ አሲድ ላይ የሚንጠለጠለው ስኳር፣ ኤን-አሴቲልግሉኮሳሚንም፣ ወንበሩን ነው የሚመርጠው። ከፕሮቲኑ ጋር ያለው ትስስር ደግሞ ቤታ የሚባለው አቅጣጫ ነው። በተቃራኒው አቅጣጫ፣ አልፋ ብለው ሞዴሉ ውስጥ ካስገቡት ቀለበቱ ሊጣመም ይችላል። ሞዴሉ የሚሠራበት የክሪስታል ዳታ ሲደበዝዝ፣ ለምሳሌ የጥራት ልኩ (ሬዞሉሽኑ) 3 አንግስትሮም አካባቢ ሲሆን፣ ሞዴሉን የሚያስተካክለው ፕሮግራም አቶሞቹን ጭጋግ ውስጥ እየገፋ ታንኳ ሊያደርጋቸው ይችላል። (የጦሳ ተራራን ጭጋግ ያየ ይገባዋል።) ኢንዛይም ጨምድዶ የያዘው ስኳር በእርግጥ ሊጣመም ይችላል፣ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው። ዳር ላይ የተንጠለጠለው ግን? ግኝት ከመባሉ በፊት እስኪ ፕራይቫቲርን በመሰለ የስኳር ቅርጽ መፈተሻ ፕሮግራም ይፈተሽ።