ለኪኒኑ የምንጠይቀውን ለቅጠሉም እንጠይቅ

ባለፈው የፈተና ሰሞን ነው። ቅዳሜ ማታ ፋርማሲውን ልንዘጋ ስንል አንድ ወጣት ገባ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። ዓይኑ ቀልቷል፤ ከንፈሩ ደርቋል። ጠጋ አለና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እህቴ፣ አደራል የሚባል ኪኒን አላችሁ?»

የለንም አልኩት። ለምን እንደፈለገው ጠየቅኩት። ቲክቶክ ላይ አይቶ ነው። የአሜሪካ ተማሪዎች አንዷን ውጠው ሌሊቱን ሙሉ ሲያጠኑ ያድራሉ ተብሏል። ሰኞ ሁለት ፈተና አለበት።

«እውነቱን ለመናገር ሱስ ያስይዛል ሲሉ ሰምቼ ፈርቻለሁ» አለኝ። «ከሌለ ይቅር። በጫት እገፋዋለሁ።»

አመስግኖኝ ወጣ። ንግግሩ ግን አብራኝ ቤት ገባች። ልጁ ኪኒኑን ፈርቷል። መፍራቱ ልክ ነው። ቅጠሉን ግን አልፈራም። እኔም ሀዋሳ ውስጥ ስንት ዓመት መድኃኒት ስሸጥ የሁለቱን ዝምድና ለሰው ቁጭ ብዬ አስረድቼ አላውቅም። ይህ ጽሑፍ ለእሱ የነበረብኝ መልስ ነው።

አደራል የንግድ ስም ነው። ውስጡ ያለው አምፌታሚን ነው። አምፌታሚንን መጀመሪያ የሠራው ላዛር ኤደሌኑ የተባለ ሮማንያዊ ኬሚስት ነው፤ ጊዜው በፈረንጆች አቆጣጠር 1887 (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመቶችም እንዲሁ ናቸው)፣ ቦታው ጀርመን። ለምን እንደሚጠቅም ሳይታወቅ አርባ ዓመት ያህል ቆየ። በ1930ዎቹ ቤንዜድሪን ተብሎ ለታፈነ አፍንጫ በሚሳብ መልክ ወጣ። በ1937 ቻርልስ ብራድሊ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም የጠባይ ችግር ላለባቸው ሕፃናት ሰጥቶ ያልጠበቀውን ነገር አየ። አነቃቂ መድኃኒት ወስደው ብዙዎቹ ረጋ አሉ፤ ትምህርታቸውን መከታተልም ጀመሩ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ደግሞ ወታደር እንዳይተኛ በገፍ ታደለ። ጃፓን ውስጥ ሜታምፌታሚን የሚባለው ወንድሙ ከጦርነቱ በኋላ ገበያ ላይ ፈሰሰና ብዙ ወጣት ያዘ። አገሪቱ በ1951 በሕግ ለማገድ ተገደደች። በ1971 በወጣው ዓለም አቀፍ ስምምነት መሠረት ዛሬ አምፌታሚን በጥብቅ ቁጥጥር ስር ካሉት መድኃኒቶች አንዱ ነው።

መድኃኒትነቱ ግን አልቀረም። ዋና ሥራው ሁለት ነው። አንደኛው ኤዲኤችዲ የሚባለው፣ ትኩረት የማጣትና የመቅበጥበጥ ችግር ነው። ሁለተኛው ናርኮሌፕሲ ነው፤ ሰው ቀን በቀን፣ እያወራ ሁሉ እንቅልፍ የሚጥለው ሕመም። ከዚሁ ቤተሰብ የሆነ አንድ መድኃኒት ራስን መቆጣጠር እስኪያቅት ድረስ ለሚበሉ ሰዎችም ይታዘዛል።

እንዴት ነው የሚሠራው? አንጎላችን ውስጥ ዶፓሚንና ኖርአድሬናሊን የሚባሉ መልእክተኛ ኬሚካሎች አሉ። አንዱ ሴል ለሌላው ሲነግር ትንሽ ይረጫል። ሲጨርስ መልሶ ይሰበስባል። አምፌታሚን በብዛት እንዲረጭ ያደርጋል፤ መሰብሰቡንም ያጓትታል። ንቃት ይመጣል። ረሃብ ይጠፋል። ልብ ይመታል፤ ደም ግፊት ይጨምራል። ሰውየው ጉልበት የተጨመረለት ይመስለዋል። ድካሙ ግን ሰውነቱ ውስጥ እንዳለ ነው። የማይሰማው እሱ ነው።

አሁን ወደ ቅጠሉ ልምጣ።

በ1975 የተባበሩት መንግሥታት ላቦራቶሪ ከእርጥብ ጫት ውስጥ ካቲኖን የሚባል ንጥረ ነገር ለይቶ አወጣ። የካቲኖንና የአምፌታሚን ቅርጽ ጎን ለጎን ቢሣል ልዩነቱ አንድ ቦታ ላይ የገባች ኦክስጅን ናት። ሥራቸውም አንድ ዓይነት ነው። በእርግጥ ካቲኖን ደከም ይላል፤ ቅጠሉም ቀስ እየተባለ ስለሚታኘክ ወደ ደም የሚገባው በዝግታ ነው። ጫትና ኪኒን እኩል ናቸው አልልም። ዘመዳሞች ናቸው ነው የምለው።

ይህን ዝምድና ከኬሚስቱ ቀድሞ ገበያው ያውቀዋል። ጫት ሲጠወልግ ካቲኖኑ ካቲን ወደሚባል በጣም ወደ ደከመ ነገር ይለወጣል። ለዚህ ነው ቅጠሉ በኮባ የሚጠቀለለው። ለዚህ ነው የጫት መኪና እንደዚያ የሚበረው። ከወንዶ ገነት በኩል የሚመጣው በለጬ ጠዋት ተቆርጦ ለምሳ ሰዓት ሀዋሳ ካልደረሰ ዋጋው የሚወድቀው ሰው ቅጠል ስለሚወድ ብቻ አይደለም። የሚገዛው ካቲኖኑ ነው።

ቋንቋችንም ያውቀዋል። የመድኃኒት መጽሐፍ ስለ አነቃቂዎች የሚዘረዝረውን እኛ ድሮ ስም ሰጥተነዋል። ሐሳብ የሚጎርፍበት፣ ሰው ሁሉ ወዳጅ የሚመስልበትን ሰዓት ምርቃና አልነው። ሲቀርበት የሚመጣውን ማዛጋት፣ መነጫነጭና ፍላጎት ሀራራ አልነው። ባልቃመበት ሌሊት ደረቱ ላይ የሚቀመጠውን ቅዠት ዱካክ አልነው። ምርቃናው አልበርድ ሲል በቢራ ወይም በአረቄ መስበሩን ጨብሲ አልነው። እነዚህን ሁሉ ቃላት የሚያውቅ ሰው «ጫት እኮ ቅጠል ነው» ሲለኝ በጣም ይገርመኛል።

የማስበው ስለ ማገድ አይደለም። ጫት በአንዳንዱ ቤት ከዱዓ ጋር የተያያዘ ነው። በአካባቢያችን ያለው ስንት ገበሬ ልጁን የሚያስተምረው በእሱ ነው። እንግሊዝ በ2014 አግዳዋለች፤ የእኛ ኑሮ ግን ሌላ ነው። የኔ ጥያቄ ጠበብ ያለ ነው። ለኪኒኑ የምንጠይቀውን ለቅጠሉም እንጠይቅ።

ሐኪም አምፌታሚን ከማዘዙ በፊት ምን ይጠይቃል? ልብህ ደህና ነው? ቤተሰብ ውስጥ በድንገት የሞተ ሰው አለ? ግፊትህ ስንት ነው? የአእምሮ ሕመም አጋጥሞህ ያውቃል? ሌላ ምን መድኃኒት ትወስዳለህ? ከዚያ በትንሹ ይጀምራል፤ ቀጠሮ ይሰጣል፤ ክብደትና እንቅልፍ ይከታተላል። ጥንቃቄው የመጣው ያለ ምክንያት አይደለም። እነዚህ መድኃኒቶች ሲበዙ የልብ ምት ያዛባሉ፤ ስትሮክ ሊያመጡ ይችላሉ፤ ሰው የሌለ ድምፅ እንዲሰማና «ይከታተሉኛል» እንዲል ያደርጋሉ። በርጫ ላይ የሚቀመጥን ሰው ግን ማነው ከእነዚህ አንዷን እንኳ የሚጠይቀው?

ከመነሐሪያ ወደ ፍቅር ሐይቅ የሚሠራ አንድ ባጃጅ ሹፌር ደንበኛዬ ነው። ገና 38 ዓመቱ ነው። የግፊት መድኃኒት በየወሩ ይወስዳል። አንድ ቀን ስለካው 160 በ100 ሆነ። መድኃኒቱን በትክክል እየወሰድክ ነው? ብዬ ጠየቅኩት። አንድ ቀን አልዘለለም። ጨው ቀንሷል። ጮማ ትቷል። የታዘዘውን ሁሉ አድርጓል። ስለ ጫት ሳነሳበት ሳቅ አለ። በየቀኑ ከሰባት ሰዓት ጀምሮ ይቅማል። ግፊት የሚያወርደውን ጠዋት ይውጣል፤ ግፊት የሚያወጣውን ከሰዓት ያኝካል። የመን ውስጥ ሰንዓ ላይ በ2005 የወጣ ጥናት ጫት የሚቅሙ ሰዎች፣ በተለይ አብዝተው የሚቅሙት፣ ለድንገተኛ የልብ ጥቃት (ሃርት አታክ) የበለጠ እንደሚጋለጡ አሳይቷል። ይህን ስነግረው ሳቁን አቆመ።

ሌላም አለ። ጫት ውስጥ ያለው ታኒን የሚባል ንጥረ ነገር አንዳንድ መድኃኒት በደንብ ወደ ደም እንዳይገባ ያደርጋል። አምፒሲሊን በሚባለው አንቲባዮቲክ ላይ ጉዳቱ ጎልቶ ታይቷል፤ አሞክሳሲሊን ላይ አነስ ይላል። ሰው አምፒሲሊኑን ከጫቱ ጋር እየዋጠ «መድኃኒቱ አልሠራልኝም» ይላል። ቢያንስ ሁለት ሰዓት ይራራቁ። ማታ ደግሞ ምርቃናው አላስተኛ ሲለው ዲያዜፓም የሚባለውን የሚያረጋጋና የሚያስተኛ ኪኒን ፍለጋ ይመጣል። ያለ ማዘዣ አልሰጥም። የሚሰጥ ያገኛል። ቀን በአንዱ መነሳት፣ ማታ በሌላው መውደቅ እየለመደ ሁለት ሱስ ይይዛል። ይህ ከሁሉም በላይ የሚያስፈራኝ ነገር ነው፤ ስንት ወጣት በዚህ መንገድ ሲሄድ አይቻለሁ።

ተማሪውን አልረሳሁትም። ለእሱ የምነግረው አንድ ጥናት አለ። በ2023 የወጣ ነው፤ የሜልቦርን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አሉበት። 40 ጤነኛ ሰዎች ወሰዱ። በተለያየ ቀን ዴክስአምፌታሚን የሚባለውን የአምፌታሚን ዓይነት ጨምሮ ሦስት መድኃኒቶችንና ምንም የሌለበት ኪኒን ሰጧቸው። ከዚያ ከባድ እንቆቅልሽ አቀረቡላቸው። አንድ ከረጢት የተወሰነ ክብደት ብቻ ይይዛል፤ የትኞቹን ዕቃዎች ብንከት ነው ዋጋው የሚበዛው? መድኃኒቱን ሲወስዱ የበለጠ ለፉ። አወጡ፣ አስገቡ፣ ደጋግመው ሞከሩ። የልፋቱ ጥራት ግን ወረደ። ሲጀመር ጎበዝ የነበሩት ደግሞ ይበልጥ ተጎዱ።

እኔ ራሴ ተማሪ ሳለሁ ይህን አይቼዋለሁ። ዶርም ውስጥ መርቅነው ያደሩ ጓደኞቼ ሌሊቱን ሙሉ ገጽ ሲገልጡ ያድራሉ። ሁሉም ነገር የገባቸው ይመስላቸዋል። ጠዋት ፈተናው ላይ ግን ግማሹ የለም። ሌሊት ያነበቡትን አንጎል የሚያስቀምጠው በእንቅልፍ ጊዜ ነው። እንቅልፉን አባርረውታል።

አንድ ነገር ደግሞ በግልጽ ልበል፤ ይህን ሁሉ ያነበበ ወላጅ መድኃኒቱን ብቻ ፈርቶ እንዳይሄድ። ባለፈው ዓመት አንዲት እናት የ9 ዓመት ልጇን ይዛ መጣች። ልጁ ወንበር ላይ ሁለት ደቂቃ አይቀመጥም። መደርደሪያውን ነካ፣ ሚዛኑ ላይ ወጣ፣ ወረደ። ትምህርት ቤቱ «ባለጌ ነው» ብሎ ደጋግሞ ጠርቷታል። ተገርፏል። እሷም ገርፋዋለች። እያለቀሰች ነው የነገረችኝ።

«ቪታሚን ስጪኝ» አለችኝ። «አእምሮውን የሚያረጋለት።»

ቪታሚን ሸጬላት ገንዘቧን ብቀበል ይቀለኝ ነበር። ወደ አእምሮ ሐኪም እንድትሄድ ለመንኳት። ኤዲኤችዲ ይኑረው አይኑረው እኔ ልል አልችልም፤ ያንን የሚለየው ሐኪም ነው። ካለበት ግን ልጁ ባለጌ አይደለም። አንጎሉ ትኩረቱን የሚይዝበት መንገድ ሌላ ነው። ከ6 ዓመት በታች ላለ ልጅ መጀመሪያ የሚመከረው የወላጅ ሥልጠና ነው። ከፍ ላለው ደግሞ አስተማሪው ሲረዳውና የአነቃቂዎቹ ቤተሰብ መድኃኒት በልኩ ሲታዘዝለት ብዙ ልጅ ሕይወቱ ይቀየራል። ምግብ ሊያስጠላው ይችላል። እንቅልፉ ሊረበሽ፣ ቁመቱም ትንሽ ሊዘገይ ይችላል። ለዚህ ነው ቁመትና ክብደቱ፣ ግፊቱም በየቀጠሮው የሚለካው። አለንጋውን ግን ማንም አይለካውም።

እዚህ ላይ ነው ልቤ የሚያዝነው። ሕመም ያለበት ልጅ በሐኪም እጅ፣ በልክ ሊወስደው የሚገባውን መድኃኒት «አደንዛዥ ነው» ብለን እንከለክለዋለን። ሕመም የሌለበት ወጣት የዚያኑ ዘመድ ያለ ልክ፣ ያለ ጠያቂ፣ በየቀኑ ሲወስድ ዝም እንላለን።

ለሙያ ጓደኞቼ፣ ለነርሷም ለሐኪሙም ለፋርማሲስቱም፣ የምለምነው ትንሽ ነገር ነው። ግፊት ስትለኩ፣ «እንቅልፍ አጣሁ» የሚል ሰው ሲመጣ፣ ነፍሰ ጡር ስትከታተሉ፣ «ሰው ይከተለኛል» የሚል ወጣት ቤተሰቡ ይዞት ሲመጣ ስለ ጫት ጠይቁ። በቁጣ አይደለም። «ትቅማለህ እንዴ?» ብሎ አፍጥጦ ከጠየቁት ማንም አይናገርም። ስለ ቡና እንደሚጠየቀው፣ ስንት ጊዜ፣ በምን ሰዓት፣ ከምን ጋር ብላችሁ ጠይቁ። መልሱን ካርዱ ላይ ጻፉት። ቀጣዩ ሐኪም ያየዋል።

እኔ ጀምሬያለሁ። ሰሞኑን አንድ አባት የአሞክሳሲሊን ማዘዣ ይዘው መጡ። መድኃኒቱን እያስረዳኋቸው፣ «አባባ፣ ጫት ይቅማሉ?» አልኳቸው።

ቀና ብለው አዩኝ። የተቆጡ መስሎኝ ደነገጥኩ።

«40 ዓመት» አሉኝ። «የጠየቀኝ ሰው ግን የመጀመሪያዋ አንቺ ነሽ፣ ልጄ።»

ወንበር ሳብኩላቸውና የግፊት መለኪያውን አወጣሁ።