የፊልም ኤዲተር ምን ይሰራል? ይቆርጣላ!
ረቡዕ ዕለት አንድ ፕሮዲውሰር ደውሎ "ወንድሜ ቀላል ስራ ናት፣ 40 ሰዓት የተቀረፀ ፉቴጅ አለ፣ አርብ ቆራርጠህ ስጠኝ" አለኝ። እንቅልፍ ሳልተኛ ባየው እንኳ ቁጭ ብዬ አይቼ ስጨርስ አርብ ደረሰ እኮ! ድምፁ ለብቻው ነው የተቀዳው፣ ክላፕ የሚባል ነገር (ድምፅና ምስል እንዲገጥም ቀረፃ ሲጀመር ጧ የሚደረገው ሰሌዳ) አልመቱም፣ እና ከንፈር እያየሁ ድምፁን ከምስሉ ሲንክ ላድርግ? ፊልሙ ካማረ ዳይሬክተሩ ጎበዝ ነው፣ ካስጠላ ኤዲተሩ ነው ያበላሸው። ኦስካር ራሱ እ.ኤ.አ. በ2022 የኤዲቲንጉን ሽልማት ከቀጥታ ስርጭቱ በፊት ሰጥቶ በኋላ ቆርጦ አስገባው (እሱንም የቆረጠው ኤዲተር ነው መቼም ሃሃ)።

ማስተማሩ ደግሞ የባሰ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆች አስተምራለሁ፣ ገና ሳይቀመጡ "ጋሼ ትራንዚሽን (ከአንዱ ምስል ወደ ሌላው ማሸጋገሪያ ኢፌክት) መቼ ነው የምንማረው?" እኔ ደሞ ስለ ኩሌሾቭ ላወራ እታገላለሁ፣ ያ ሩሲያዊ የፊልም ዳይሬክተር የዛሬ መቶ ዓመት ገደማ የአንድ ተዋናይ ያንኑ ፊት አንዴ ከሾርባ፣ አንዴ ከሬሳ ሳጥን፣ አንዴ ከሴት ጋር ሲቀጥለው ተመልካቹ ራበው፣ አዘነ፣ ተመኛት ብሎ ትወናውን አደነቀ ይባላል፣ ፊቱ ግን ያው ነው፣ ንቅንቅ አላለም! ይሄን ስናገር ግማሹ ክፍል ቲክቶክ ላይ ነው። መቼ እንደማይቆረጥ በምን ሾርትከት ነው የማስተምራቸው?

አንዷ ተማሪ ግን ባለፈው በምትቆርጠው ትዕይንት ውስጥ እናትየዋ ዝም ያለችበት ቦታ ላይ "ጋሼ እዚች ጋ አልቆርጥም፣ ትንሽ ትቆይ" ስትለኝ እንባዬ ሊመጣ ነበር፣ ማኪያቶ ጋበዝኳት።

ፕሮዲውሰሩ አሁንም እየደወለ ነው፣ "አለቀ ወይ?"