ዕጣን ሳይጨስበት ያረጀ ማጨሻ

ስለ ጃፓን ጥበብ የሚጽፉ ሰዎች ለረጅም ጊዜ አንድ ፍርድ ሲቀባበሉ ኖረዋል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ወደ አውሮፓና አሜሪካ በመርከብ የተጋዙት የነሐስ ዕጣን ማጨሻዎች፣ ዘንዶ የተጠመጠመባቸው፣ ጣዎስ የቆመባቸው፣ ወርቅና ብር የተፈለፈለባቸው፣ «እውነተኛ» የጃፓን ጥበብ አይደሉም ይላል ፍርዱ። እውነተኛው የጃፓን ውበት ጭምት ነው፤ ሸካራ የሸክላ ሲኒ፣ ባዶ ግድግዳ፣ አንድ ዘንግ አበባ። ማጨሻዎቹ ግን ለፈረንጅ ዓይን ተብለው የተሠሩ የገበያ ዕቃዎች ናቸው፤ ብዙዎቹማ አንድ ቀን እንኳ ዕጣን ሳይጨስባቸው የሀብታም ሳሎን ማድመቂያ ሆነው ቀሩ።

የመጨረሻው ነገር በአብዛኛው እውነት ነው። ፍርዱን ግን አልቀበልም። ዕቃውን ሳያይ ገዢውን አይቶ የሚፈርድ ዳኛ ይመስለኛል።

ከሁሉ የሚከብደውን ምሳሌ ላስቀድም። ለንደን በሚገኘው ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም፣ ሱዙኪ ቾኪቺ የተባለ የነሐስ ባለሙያ የሠራው፣ በ1878 በፓሪስ የዓለም ኤግዚቢሽን የቀረበ (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ጣዎስ ያለበት ማጨሻ አለ። ከሰው ቁመት ይበልጣል። ዕጣን ልጨምርበት የሚል ሰው መሰላል ሳያስፈልገው አይቀርም። ሱዙኪ ይሠራ የነበረው በ1874 በመንግሥት ድጋፍ ለተቋቋመው ለኪሪትሱ ኮሾ ካይሻ ነው፤ የኩባንያው ዓላማም የእጅ ሥራ ውጭ አገር ሸጦ ገንዘብ ማምጣት ነበር። እንግዲህ ከሳሾቹ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አያገኙም። ለኤግዚቢሽን የተሠራ፣ ለሽያጭ የታሰበ፣ ለማጨስ የማይመች።

ጃፓን ዕጣንን ማክበር የጀመረችው ግን ለፈረንጅ ብላ አይደለም። በጥንታዊው ዜና መዋዕሏ እንደተጻፈው፣ በ595 አዋጂ በምትባል ደሴት ዳርቻ ባሕር የተፋው ግንድ ተገኘ፤ የደሴቲቱ ሰዎች እንደ ማገዶ ቢያነዱት መዓዛው ስላስገረማቸው ለቤተ መንግሥት አበረከቱት። በናራ ከተማ፣ የቶዳይጂ ቤተ መቅደስ ግምጃ ቤት በነበረው ሾሶይን ውስጥ የሚጠበቅ ራንጃታይ የሚባል መዓዛማ ግንድም አለ። ጦረኛው ኦዳ ኖቡናጋ በ1574 ከእሱ አስቆርጧል፤ ንጉሠ ነገሥት ሜይጂም በ1877 እንዲሁ፤ ያ ጣዎስ ለፓሪስ ከመቅረቡ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ማለት ነው። መዓዛን የማጣጣሙ ሥርዓት ራሱ የሚጠቀመው በመዳፍ የምትያዝ ትንሽ የሸክላ ዕቃ ነው። ፍሙ አመድ ውስጥ ይቀበራል፤ በላዩ ማይካ ከሚባል እሳት የሚችል ማዕድን የተሠራ ስስ ገበታ ይቀመጣል፤ የእንጨቷ ስንጣሪ በገበታው ላይ ሆና ትሞቃለች እንጂ አትነድም። ትልቁ የነሐስ ማጨሻ የመጣው ከቡድሃ መሠዊያ ነው። ቅርጹ ከቻይና የተወረሰ ሲሆን፣ በመሠዊያው ላይ ከመቅረዝና ከአበባ ማስቀመጫ ጋር ሦስተኛ ሆኖ ይቆማል። ሦስት እግሩ፣ ሁለት ጆሮው፣ ቀዳዳ ያለው ክዳኑ፣ በክዳኑ ጫፍ የተቀመጠው አንበሳ፣ ሁሉም ከዚያ ወግ የወጡ ናቸው። በአንዳንዶቹ ላይ ጭሱ የሚወጣው በአንበሳው አፍ ነው።

ጌጡ ደግሞ ሌላ አባት አለው፤ ጎራዴ።

በ1876 የሜይጂ መንግሥት ከጦር መኮንኖች፣ ከፖሊሶችና ከሥነ ሥርዓት በስተቀር ማንም በአደባባይ ጎራዴ እንዳይታጠቅ ከለከለ። ለትውልዶች የጎራዴ እጀታና የእጅ መከላከያ ሲያስጌጡ የኖሩ ቤተሰቦች እንጀራቸው ተነካ። በቁጥር የማይናቁ የእጅ ባለሙያዎች መሯቸውን ይዘው ወደ አበባ ማስቀመጫ፣ ወደ ሣጥን፣ ወደ ዕጣን ማጨሻ ዞሩ። ካኖ ናትሱዎ የተባለው ስመ ጥር ጎራዴ አስጊያጭ ለአዲሱ የመንግሥት ሳንቲም ሞዴል ቀርጿል፤ ኋላም በቶኪዮ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አስተምሯል። እሱ ዕድለኛ ነበር። ሌሎቹ ለውጭ ገበያ ሠሩ። ታዲያ በማጨሻው ሆድ ላይ የምናየው የወርቅ ቅጠል፣ ሳሙራይ በወገቡ ይዞት ሲሄድ የነበረው የወርቅ ቅጠል ነው። እጁ ያው፣ መሮውም ያው። ደንበኛ ሲለወጥ ጥበቡ በምን ምክንያት ሐሰተኛ እንደሚሆን የሚያስረዳኝ ሰው አላገኘሁም።

ሥራውን ቀረብ ብሎ ማየት ይገባል። አካሉ ብዙውን ጊዜ የሚሠራው በሰም ነው። የንብ ሰም ከጥድ ሙጫ ጋር ተቀላቅሎ ይቀረጻል፤ በአፈር ይለበጣል፤ ይተኮሳል፤ ሰሙ ቀልጦ ሲወጣ ነሐሱ በቦታው ይፈስሳል። የእኛም መስቀል ሠሪዎች ለዘመናት የሠሩበት መንገድ በመሆኑ ለአማርኛ አንባቢ እንግዳ አይደለም። ጌጡ ከዚያ ይቀጥላል። ባለሙያው በነሐሱ ላይ ቦይ ይቆፍራል፤ የቦዩን ግርጌ ከአፉ ሰፋ ያደርገዋል። የወርቅ ወይም የብር ሽቦ አስገብቶ ሲቀጠቅጠው ሽቦው ተስፋፍቶ ከሥር ይነክሳል፤ ሙጫም ብየዳም የለውም። ሌላው ስልት በመሮ ጥቃቅን መስመሮችን አግድምና ሽቅብ እየጫሩ ፊቱን እንደ ጨርቅ ማሻከርና ስስ ወርቅ መትቶ ማጣበቅ ነው። ሦስተኛውና አስቸጋሪው፣ ድንቢጧን ወይም አበባውን ለብቻ ቀርጾ በተፈለፈለ ቦታ መትከል ነው፤ ወፏ ከማጨሻው ፊት ብድግ ብላ የምትታየው በዚህ ምክንያት ነው።

ቀለሙ ደግሞ ቀለም ተቀብቶ አይደለም። ሻኩዶ የሚባለው ድብልቅ መዳብ ሆኖ ጥቂት፣ ከመቶ ሦስትና አራት እጅ ያህል ወርቅ ይገባበታል። ሺቡኢቺ ደግሞ በወጉ ሦስት እጅ መዳብ አንድ እጅ ብር ነው። ሁለቱም ከመሮው ሥር ሲወጡ ተራ ብረት ይመስላሉ። ከዚያ ተጠርገው፣ በተፈቀፈቀ ነጭ የጃፓን ራዲሽ ታሽተው፣ የመዳብ ጨው በተበጠበጠበት ፈሳሽ ይቀቀላሉ። ሻኩዶው ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ጥቁር፣ ሺቡኢቺው ግራጫ ሆኖ ይወጣል። ወርቁ ግን አይለወጥም። በአንድ ማሰሮ የተቀቀለ አንድ ዕቃ ሦስትና አራት ቀለም ይዞ ይወጣል ማለት ነው። ቲፋኒ የተባለው የአሜሪካ የጌጣጌጥ ኩባንያ ይህን የተደባለቀ ብረት ጌጥ ለመኮረጅ ብዙ ደክሟል፤ ጃፓንኛ መልክ የሰጠው የብር ሥራውም በዚያው በ1878ቱ የፓሪስ ኤግዚቢሽን ከፍተኛውን ሽልማት አግኝቷል። ፈረንጅ ለጃፓን ጣዕም ሰጠ የሚለው ክስ ሲነሳ፣ ጣዕሙ በየትኛው አቅጣጫ እንደተጓዘም አብሮ ቢነሳ ጥሩ ነው።

የጌጡ ይዘትም ለእኔ ይመሰክራል። በእነዚህ ማጨሻዎች ላይ ፊኒክስ የሚባለው የተረት ወፍ ሲታይ ብዙ ጊዜ ፓውሎኒያ የተባለው ዛፍ አብሮት አለ፤ በምሥራቁ ተረት ፊኒክስ የሚያርፈው በዚያ ዛፍ ላይ ብቻ ነውና። አንበሳው ከፒዮኒ አበባ ጋር ይመጣል፤ ድንቢጥ ከቀርከሃ ጋር፤ ዘንዶ ከማዕበል ወይም ከደመና ጋር። ክዳን ላይ አምስት ቋሚ ዘንጎች፣ አንዳንዶቹ ከላይ በአግድም የተያያዙ፣ የተበሱባቸውም አሉ። ይህ ተራ ጥልፍ የሚመስል ነገር የዕጣን ጨዋታ ምልክት ነው። አምስት ጊዜ መዓዛ ይቀርባል፤ ተጫዋቹ የትኛው ከየትኛው ጋር አንድ እንደሆነ በመስመር አገናኝቶ ይመልሳል። ሊኖሩ የሚችሉት መልሶች 52 ናቸው፤ ምልክቶቹም 52። የማንቸስተር ነጋዴ ይህን ያውቅ ነበር? አያውቅም። ባለሙያው ግን ፊኒክሱን በማንኛውም ዛፍ ላይ አላስቀመጠውም። ለማያውቅ ገዢ የተሠራ ዕቃ ላይ ሕጉ ካልተጣሰ፣ ሕጉ የተጠበቀው ለማን ሲባል ነው?

የምከራከረው ለሁሉም አይደለም። መንግሥት የጌጥ ንድፎችን በቢሮ አስነድፎ ለየወርክሾፑ ያድል ነበር፤ የቢሮ ጠረን የሚሸቱ ሥራዎች አሉ። ቆይቶም ዘንዶ በዘንዶ ላይ የተቆለለባቸው፣ የዝሆን ራስ ያለ ምክንያት ጆሮ ሆኖ የተለጠፈባቸው፣ ላባው እንኳ ያልተስተካከለ ወፍ የተበየደባቸው በብዛት ተመርተዋል። እነዚህን አስቀያሚ ለማለት አላመነታም። አስቀያሚ ያደረጋቸው ግን የተላኩበት ወደብ አይደለም፤ የእጅ መቸኮል ነው። ለአገር ውስጥ በተሠሩ ዕቃዎች ላይም ያው ችኮላ አይጠፋም።

ከአገር የወጣው ነገር ዕጣ ፈንታም ያስገርማል። በ1941 ጃፓን ለጦርነቱ ብረታ ብረት መሰብሰብ ጀመረች። የቤተ መቅደስ ደወሎች፣ ሐውልቶች፣ የቤት ዕቃዎች ወደ ማቅለጫ ሄዱ፤ በዓለም የታወቀው የታማኙ ውሻ የሐቺኮ የመጀመሪያ ሐውልት እንኳ አልተረፈም። ለፈረንጅ ተሸጠ ተብሎ የተናቀው ነሐስ ግን በለንደንና በኒውዮርክ ሳሎኖች ተቀምጦ ከዚያ እሳት አመለጠ። ዛሬ ጃፓናውያን ሰብሳቢዎች ወደ ጨረታ ሄደው መልሰው ይገዙታል፤ በ2000 ኪዮቶ ውስጥ የተከፈተው የኪዮሚዙ ሳንኔንዛካ ሙዚየም በአብዛኛው እንዲህ ከውጭ በተመለሱ የሜይጂ ዘመን ሥራዎች የቆመ ነው። ከ1611 ጀምሮ ነሐስ ሲያፈስስ የኖረው የታካኦካ ከተማም ሙያውን ዛሬ ድረስ አልተወም።

እኔን ይበልጥ የሚያናድደኝ ግን የሙዚየም ፍርድ ሳይሆን የሻጮች ጨርቅ ነው። አሮጌ ማጨሻ የወረሰ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው የናስ ማጥሪያ ገዝቶ እስኪያብረቀርቅ መፈግፈግ ነው። ሠሪው ያን ሁሉ ደክሞ ያወጣው ጥቁርና ግራጫ በአንድ ከሰዓት ይጠፋል፤ ድንቢጧና ነሐሱ አንድ ቀለም ይሆናሉ። ከዚያ «ንጹሕ፣ ፊርማ ያለው» ተብሎ ለገበያ ይወጣል። ፊርማው ደግሞ በብዙ ዕቃዎች ላይ ከ1425 እስከ 1435 የነገሠው የቻይናው ሹዋንዴ የዘመን ማኅተም ነው። በቻይናም በጃፓንም ለክፍለ ዘመናት ሲገለበጥ ስለኖረ ዕድሜ አያስረግጥም። ማጨሻ የሚሸጥ ሰው የማኅተሙን ፎቶ ሦስት ጊዜ ከሚለጥፍ፣ ወርቁ ከነሐሱ ጋር የሚገናኝበትን ጠርዝ ቀረብ አድርጎ አንዴ ያንሳው፤ ክዳኑንም ገልብጦ ውስጡን ያሳይ። ጥቀርሻ ከሌለበት ደግሞ አይፈር፤ ያንኑ ይጻፍ።