ከአውሮፕላኑ ሥር ያለችው ሰሌዳ

ዲሲና አካባቢዋ የምንኖር ሐበሾች ዳለስ ኤርፖርትን እንደ ሰፈራችን ነው የምናውቀው። እንግዳ እንቀበልበታለን፣ እንሸኝበታለን፣ ስንቶቻችን ታክሲና ኡበር እየነዳን እንጀራ እንበላበታለን። ከኤርፖርቱ ጎን፣ ቻንትሊ ላይ፣ ትልቅ የአውሮፕላን ሙዚየም አለ። በበሩ በቀን አራቴ የሚያልፈው ብዙ ነው። ገብቶ ያየው ግን ጥቂት ነው። እኔም ያላየሁት ነበርኩ። ያስገቡኝ አጎቴ ናቸው።

አጎቴ ሰባውን ያለፉ ሰው ናቸው። በጃንሆይም በደርግም ጊዜ ደብረ ዘይት አየር ኃይል ቴክኒሻን ነበሩ። ሦስት ወር ቨርጂኒያ ሲቀመጡ ሞሉም መንገዱም ብዙ አላስደነቃቸው። ሊመለሱ አንድ ቀን ሲቀራቸው "እዚህ አጠገብ አውሮፕላን የሚታይበት ቤት አለ አሉ፣ እውነት ነው?" አሉኝ። አፈርኩ። መግቢያው በነፃ ነው፣ ለመኪና ማቆሚያ ብቻ 15 ዶላር ከፍለን ገባን።

ውስጡ ጉድ ነው። ጥቁሩ የስለላ አውሮፕላን በሩ ፊት ለፊት ተጋድሟል። ኮንኮርድ አለ። ጠፈር ደርሳ የመጣችው ዲስከቨሪ ከኋላ ቆማለች። አጎቴ ግን እነዚህን ሁሉ አለፍ አለፍ ብለው አንዱ ጋ ቆሙ። አራት ሞተር ያለው፣ ክንፉ ከጫፍ ጫፍ 43 ሜትር የሆነ፣ ላሜራው እንደ መስታወት የሚያበራ ቢ-29 ቦምብ ጣይ። ከወለሉ ከፍ አድርገው ስላቆሙት ሌሎች ትንንሽ አውሮፕላኖች ሥሩ ተጠልለዋል። አፍንጫው ላይ "ኢኖላ ጌይ" ይላል። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 6 ቀን 1945 ሂሮሺማ ላይ አቶሚክ ቦምብ የጣለው ራሱ ነው። አምሳያው አይደለም።

"ይሄን ማነው እንዲህ የሚወለውለው?" አሉ አጎቴ። እድሳቱ እ.ኤ.አ. በ1984 ተጀምሮ በ2003 እንዳለቀ፣ ወደ 300,000 የሥራ ሰዓት እንደፈጀ ነገርኳቸው። በጥርሳቸው ፉጨት አሰሙ። "እኛ ጋ ቢሆን ይሄኔ መርካቶ ሄዶ ድስት ሆኗል" አሉና ሪቬቶቹን በዓይናቸው መቁጠር ጀመሩ። ባለሙያ ሲያይ እንደዚህ ነው።

ስሙን ሲጠይቁኝ የአብራሪው እናት ስም እንደሆነ ነገርኳቸው። ኮሎኔል ፖል ቲቤትስ የእናቱን ስም ነው ያስጻፈው። "እናቱን? በዚህ ላይ?" ብለው ዝም አሉ። ቆይተው "የኛዋም የሴት ስም ነበራት" አሉ። ስለ "ፀሐይ" ነው የሚያወሩት። በ1928 ዓ.ም. ጣሊያን እየወረረን ሳለ አገራችን ውስጥ የተሠራችው፣ በጃንሆይ ልጅ በልዕልት ፀሐይ ስም የተጠራችው ትንሽ አውሮፕላን። ጣሊያን ወሰዳት። ሮም አቅራቢያ ባለው የአየር ኃይላቸው ሙዚየም ስንት ዘመን ቆማ ኖረች። የተመለሰችው በቅርቡ፣ ጥር 2016 ዓ.ም. ነው። በዚያው ዘመን የመርዝ ጋዝ የጫኑት የጣሊያን አውሮፕላኖች ስንት ሰው እንደፈጁ አያቶቻችን ያውቃሉ። የጣሊያን መከላከያ ሚኒስቴር ግን ያመነው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው። ስድሳ ዓመት ቆይቶ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

ወደ ኢኖላ ጌይ ልመለስ። ከአውሮፕላኑ ሥር የመግለጫ ሰሌዳ አለች። ለአጎቴ እያነበብኩ ተረጎምኩላቸው። ቢ-29 በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከነበሩት ባለ ፕሮፔለር ቦምብ ጣዮች ሁሉ የረቀቀው እንደነበር ትላለች። ሠራተኞቹ የሚቀመጡበት ክፍል የአየር ግፊቱ የተስተካከለ የመጀመሪያው ቦምብ ጣይ እንደሆነ ትላለች። በጦርነት የመጀመሪያውን አቶሚክ ቦምብ ሂሮሺማ ላይ ጣለ ትላለች። ከሦስት ቀን በኋላ ሌላ አውሮፕላን ናጋሳኪ ላይ ሲጥል ይሄኛው የአየር ጠባይ ሊያይ እንደበረረም አልረሳችም።

"እሺ፣ ከዚያስ?" አሉ አጎቴ።

"አለቀ፣ ጋሼ።"

"ስንት ሰው ሞተ አይልም?"

አይልም። እስከዚያ ዓመት መጨረሻ ሂሮሺማ ውስጥ የሞተው ሰው ወደ 140,000 ይገመታል። ሰሌዳዋ ላይ አንድም የለም።

በዚህች ሰሌዳ ምክንያት አንድ ጊዜ አውሮፕላኑ ላይ ጠርሙስ ተወርውሮበታል ብል አላጋነንኩም። ሙዚየሙ የተከፈተው እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 15 ቀን 2003 ነው። የዚያኑ ዕለት ተቃዋሚዎች መጡ። ከቦምቡ የተረፉ የጃፓን ሽማግሌዎችም አብረው ነበሩ። አውሮፕላኑ ይነሳ አላሉም። የሞቱት ሰዎችም ይጻፉ ነው ያሉት። የሙዚየሙ ኃላፊዎች ደግሞ ለሁሉም አውሮፕላን የምንጽፈው እንዲህ ነው፣ ለዚህኛው የተለየ አናደርግም ብለው ነበር። በግርግሩ መሃል ደም የመሰለ ቀይ ነገር ያለበት ጠርሙስ ተወረወረ። ስንት ዓመት የተወለወለው ላሜራ ሰርጎድ አለ፣ ቀዩም ወለሉ ላይ ፈሰሰ። ሁለት ሰዎች ተያዙ።

የመጀመሪያቸውም አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1995 የአውሮፕላኑ አካል ከፊሉ ዲሲ መሃል ባለው ሙዚየም ሲታይ ሰዎች ደምና አመድ ደፍተውበታል። ከዚያ በፊት ደግሞ የባሰ ጭቅጭቅ ነበር። ሙዚየሙ የሂሮሺማን ሰዎች ስቃይ ጭምር የሚያሳይ ትልቅ ዝግጅት አሰበ። የጦር አርበኞች ማኅበራት "ጃፓንን ተበዳይ፣ እኛን በዳይ አደረጋችሁን" ብለው ተነሱ። ጽሑፉ ስንቴ ተሰርዞ ስንቴ ተደለዘ። በመጨረሻ ዝግጅቱ ተሰረዘ፣ ዳይሬክተሩ ማርቲን ሃርዊትም ሥራውን ለቀቀ። በጽሑፍ ምክንያት!

እኔ ጠርሙስ አልወረውርም። ላሜራው ምን አደረገ? ግን የሽማግሌዎቹ ጥያቄ የቅንጦት አይደለም። የክፍሉን የአየር ግፊት ለመጻፍ ቦታ የተገኘባት ሰሌዳ ለሙታን አንድ መስመር ጠበባት ማለት አይዋጥልኝም። ፈረንጅ ሁሉን በግልጽ ያወራል የምንለው ነገር ራሱ ግማሽ ነው። ስለ ሌላው ሲሆን ያወራል።

ይህን ለታክሲ ጓደኞቼ ሳወራ አንዱ "እነሱ ቢያንስ ይጨቃጨቃሉ፣ እኛ አፍርሰን ነው የምንገላገለው" አለኝ። ሙሉ በሙሉ ልቃወመው አልቻልኩም። የሌኒንን ሐውልት በ1983 ግንቦት ላይ ሲጥሉት ሰው እልል ብሏል። እኔም ልጅ ሆኜ ደስ ብሎኛል። ግን ማን አቆመው፣ ለምን ቆመ፣ ሥሩ ምን ተደረገ የሚል ሰሌዳ ማንም አልጻፈም። መንግሥት በተቀየረ ቁጥር የቀድሞው ክፉ ሥራ ብቻ ይጻፋል፣ የራስ ሥራ ደግሞ እስኪወርዱ ድረስ ይጠብቃል።

ሙዚየሙ ውስጥ ሳለን አንድ ነገር ብልጭ አለብኝና ሳላስብበት አወጣሁት። "ጋሼ፣ ሐውዜንን የደበደበው ሚግ ደብረ ዘይት ሙዚየም ቢቆም፣ ሰሌዳው ላይ ምን ይጻፍ ነበር?"

ሰኔ 15 ቀን 1980 ዓ.ም. የደርግ አውሮፕላኖች የሐውዜንን ከተማ ደበደቡ። የሞተው ሰው ከ1,800 እስከ 2,500 ይጠቀሳል። አጎቴ ያን ጊዜ ደብረ ዘይት ነበሩ። ምን ሠሩ፣ ምን ሰሙ፣ ጠይቄያቸው አላውቅም። እኛ ቤት አይወራም። ትግራይ ውስጥ ስንት ቤት ደግሞ ከዚያ ሌላ አይወራም ይሆናል። መልስ አልሰጡኝም። እጃቸውን ኪሳቸው ከተው አፍንጫው ላይ ያለውን ስም እንደገና አዩ። "እንሂድ፣ ቡና ጠማኝ" አሉ። በጥያቄዬ ተጸጸትኩ።

በማግስቱ ኤርፖርት ደረስን። እንደ ወትሮው ሻንጣው ከ23 ኪሎ አለፈ። መሬት ላይ ዘርግተን ቫይታሚኑን፣ የልጆቹን ጫማ፣ የማንን እንደሆነ የማላውቀውን ላፕቶፕ ከአንዱ ሻንጣ ወደ ሌላው እናዛውራለን። አጎቴ ተንበርክከው ዚፑን እየጎተቱ፣ ቀና ሳይሉ፣

"ረቡዕ ነበር" አሉ።

"ምኑ?"

"ረቡዕ፣ የገበያ ቀን። ሰሌዳው ላይ እሱን ጻፉ።"

ዚፑ እምቢ አለ። ሁለታችንም ሻንጣው ላይ ተቀመጥንበት።